ከቤር ሼቫ እስከ ሚጽፔ ራሞን፦ ቆም ብለን የምናያቸው ቦታዎች



በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ የአዲስ ገቢ ቤተሰቦችን ቤት አንኳኳለሁ። ቡና ቀርቦ ጨዋታ ሲጀመር ብዙ ጊዜ «ከመጣችሁ ወዲህ የት የት አያችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም፤ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ባንክ፣ ኩፓት ሖሊም፣ ኡልፓን፣ ሹክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። አንድ አባት እንዲያውም «ልጄ፣ እኔ እስራኤልን የማውቃት በወረፋ ነው» አሉኝ። ሳቅን፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ጎንደር ሳለንም እንዲሁ ነበር። ፈረንጆች በመኪና በፊታችን እያለፉ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ እናያለን፤ እኛ ግን ከደባርቅ በላይ ያለውን ሳናይ አገሩን ለቀን የመጣን ብዙ ነን። እኔም አንዷ ነኝ። ዛሬ ደግሞ የምንኖረው ከሩቅ አገር ሰዎች በአውሮፕላን እየመጡ ከሚያዩት ተራራና ገደል የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ብቻ ርቀን ነው። ያ ነገር እዚህም እንዳይደገም ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፔሳሕ በኋላ በነበረው ሳምንት ከዘጠኝ ቤተሰቦች ጋር አንድ አውቶቡስ ተከራይተን ወደ ደቡብ ወጣን። እስራኤልን በወረፋ የሚያውቋት አባትም ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ጋር አብረውን ነበሩ። እኚህ አባት ተወልደው ያደጉት በደባርቅ አካባቢ ገጠር ነው። ኋላ ወደ ጎንደር ከተማ ወርደው ተራቸው እስኪደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ልጁ የተወለደው በዚያ በመጠበቂያው ዘመን ነው፤ የአባቱን አገር አያውቅም።

ቤታቸው ስሄድ የማየው ነገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም። ልጁ ደብዳቤ ያነባል፤ ልጁ ስልክ ያነሣል፤ ሐኪም ፊትም ስለ አባቱ ሕመም የሚናገረው ልጁ ነው። አባት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እየዋለ እያደረ በቤት ውስጥ ማን አባት፣ ማን ልጅ እንደሆነ ይምታታል። ልጁ አንዳንድ ጊዜ «እሱ አይገባውም» ብሎ በአባቱ ፊት ይናገራል። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ከጎንደር መጥቼ ለእናቴ ሳስተረጉም ያደግሁ ነኝና አልፈርድበትም። እኔም ብያለሁ።

አርባ ቁጥር መንገድ

ከቤር ሼቫ ወደ ሚጽፔ ራሞን የሚወስደው መንገድ አርባ ቁጥር ይባላል። ርዝመቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቤር ሼቫ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ የምንላት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 280 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ሚጽፔ ራሞን ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ ሰው ይህ ዳገት አይባልም። ቢሆንም አየሩ እየቀዘቀዘ መሄዱ ይታወቃል።

ከተማውን ለቀን ስንወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቤዱዊን ጎረቤቶቻችንን ቤቶች፣ በጎችና ግመሎች እናያለን። ከዚያ በኋላ መሬቱ እየተራቆተ ይሄዳል። ቤር ሼቫ በዓመት የሚዘንበው ወደ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ሚጽፔ ራሞን ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጎንደር ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚዘንብ ስታስቡ የዚህ አገር ተራራ ለምን ራቁቱን እንደቆመ ይገባችኋል። አንዲት እናት በመስኮት እያዩ «ይህ ተራራ ልብስ የለውም እንዴ?» አሉ። ልብስ ባይኖረውም አጥንቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ የኔጌቭ መልኩም ይኸው ነው።

እኔ ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ አምስት ማረፊያ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ።

አንደኛ ማረፊያ፦ ስዴ ቦኬር

ከቤር ሼቫ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ስዴ ቦኬር ይደረሳል። ስሙ የከብት እረኛ መስክ እንደማለት ነው። ኪቡጹ የተመሠረተው በ1952 ነው። የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮን በ1953 መጨረሻ ሥልጣናቸውን ትተው እዚህ መጥተው ኖረዋል፤ ትንሿ የእንጨት ቤታቸው እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናት። ከኪቡጹ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ሚድራሻ በሚባለው የትምህርት መንደር ጫፍ፣ የእርሳቸውና የባለቤታቸው የፓውላ መቃብር ይገኛል። ፓውላ ያረፉት በ1968፣ እርሳቸው በ1973 ነው።

መቃብሩ ያለው በገደል አፋፍ ነው። ከበታቹ ናሐል ጺን የሚባለው ሰፊ ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል። የጺን ምድረ በዳ ስም በኦሪት ዘኍልቍ ከአሥራ ሁለቱ ሰላዮች ታሪክ ጋር ይነሣል። ነጭ ኮረብታ ከነጭ ኮረብታ ጀርባ ተደርድሮ፣ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል።

ልጁ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለውን ለአባቱ አነበበላቸው። ዓመቶቹ በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፉ ስለሆኑ አስልቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የተጻፈው ስም፣ የልደትና የሞት ዓመት፣ ከዚያም ወደ አገሩ የወጡበት ዓመት፣ ማለትም 1906 ነው።

«ሌላስ?» አሉ አባት።

«ሌላ የለም» አለ ልጁ።

«ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር አይልም?»

«አይልም።»

አባት ትንሽ ዝም አሉና «እንዲህ ከሆነ የእኔም የሚጻፍ ነገር አለው» አሉ። ሃያ ደቂቃው አልቆ ነበር፤ «እንሂድ» ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ሁለተኛ ማረፊያ፦ ዔን ዓቭዳት

ዔን በዕብራይስጥ ምንጭ ማለት ነው፤ እኛም የውሃ ዓይን የምንለው ነው። ዔን ዓቭዳት የናሐል ጺን ውሃ ጠርቦ የሠራው ጠባብና ጥልቅ ገደል ሲሆን ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ ሁሉ ድርቅ መካከል ታች ውሃ ቆሞ፣ ዛፍ በቅሎ ይታያል።

ፓርኩ ሁለት መግቢያ አለው። ታችኛው በሚድራሻ በኩል ነው፤ ከዚያ በገደሉ ውስጥ በእግር ገብቶ በደረጃና በመሰላል ወደ ላይ ይወጣል፤ በመሰላሉ ተመልሶ መውረድ ግን አይፈቀድም። ላይኛው መግቢያ በአርባ ቁጥር መንገድ ላይ ወደ ደቡብ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሽማግሌና ሕፃን የያዘ ቤተሰብ በላይኛው ገብቶ ከመመልከቻው ላይ ቢያይ ይሻለዋል። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ልጆቹ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ አይተው «እዚህ ምንም የለም» ማለት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ እኚያ አባት እጃቸውን ዘርግተው «ያውና ዋልያ!» ብለው ጮኹ። ሁላችንም ዞርን። ምንም አልታየንም፤ ድንጋይ ብቻ ነው። «ከጥቁሩ ስንጥቅ በላይ፣ በስተግራ» አሉ። ብዙ ከፈለግን በኋላ አንዱ ድንጋይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ሰባት ነበሩ።

«ያዔል ነው» አለ ልጁ፤ በትምህርት ቤት ተምሮታል።

«ዋልያ ነው እልሃለሁ። አነሰ እንጂ፣ ቀንዱም ቀጠነ እንጂ ዋልያ ነው።»

ሁለቱም አልተሳሳቱም። ያዔል የሚባለው የኔጌቭና የይሁዳ ምድረ በዳ የበረሃ ፍየል ለዋልያ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዋልያ ግን ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ በዱር አይገኝም። ልጁ «ዋልያ ለኔ የኳስ ቡድኑ ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ከዚያ ግን ጥያቄ ጀመረ። ገደል ላይ እንዴት አይወድቅም? ክረምት ምን ይበላል? አባ፣ አንተ በዓይንህ አይተሃል?

አባትም በገደሉ አፋፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ጀመሩ። እረኛ ሳሉ ጉም ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ እንዴት እንደሚታወቅ፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ እንዴት እንደሚንጫጫ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በጨነቅ አድርጎ እስከ ቧሂት የሚወጣው መንገድ በየት በየት እንደሚያልፍ፤ ጅንባር የሚባለው ፏፏቴ ከገደል ሲወርድ ውሃው መሬት ሳይደርስ እንዴት ጉም እንደሚሆን። ሌሎቹም ልጆች ቀስ በቀስ መጥተው ከበቧቸው። አንዱ ሽማግሌ ስለ ሊማሊሞ ጨመሩ፤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቁልቁል የሚወርደውን፣ ጣሊያን በ1930ዎቹ የሠራውን ጠመዝማዛ መንገድ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቁት እኚህ ሰው ባለፈው ወር በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመው የራሳቸውን የመታወቂያ ቁጥር መናገር ባለመቻላቸው አንገታቸውን ደፍተው የተመለሱ ሰው ናቸው። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ግን ከመካከላችን ማንበብ የሚችለው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፕሮግራሜን አውጥቼ ሳይ አንድ እናት «ልጄ፣ ማን ያባርረናል?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ሰዓት ከግማሽ ቆየን።

ሦስተኛ፦ ዓቭዳት

በዚህም ምክንያት ወደ ዓቭዳት ሳንወጣ ከመንገድ ላይ አይተን አለፍን። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ አትለፉት። በኮረብታ ራስ ላይ የሚታየው የፈረሰ ከተማ የናባጢያን ነጋዴዎች የቆረቆሩት ነው። ከደቡብ ዓረብ ምድር ዕጣንና ከርቤ በግመል ጭነው፣ በፔትራ አድርገው ወደ ጋዛ ወደብ ሲሄዱ የሚያርፉበት ነበር። በኋላ በቢዛንታይን ዘመን ነዋሪዎቹ በዚህ ደረቅ መሬት ወይን ተክለው ይጠምቁ ነበር፤ የወይን መጭመቂያቸው እስከ ዛሬ አለ። በ2005 ዓቭዳት ከሌሎች ሦስት የኔጌቭ የጥንት ከተሞች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አራተኛ ማረፊያ፦ ሚጽፔ ራሞን

ሚጽፔ ማለት መመልከቻ ቦታ ማለት ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ምጽጳ የምንለው ስም ይኸው ነው። ከተማዋ በ1951 ወደ ኤላት የሚወስደውን መንገድ ለሚሠሩ ሠራተኞች ካምፕ ሆና ተጀመረች። በከተማዋ ጫፍ ላይ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ አያየውም፤ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ነው ከእግሩ በታች ገደሉ የሚከፈተው። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ እንደ ቦታው ከ2 እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር የሚደርስ ጎድጓዳ ምድር ነው። ማኽቴሽ ራሞን ይባላል።

ማኽቴሽ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው እናቶች ተሳሳቁ። ሙቀጫ ማለት ነውና። ይህ ጎድጓዳ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ወይም በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ አይደለም። በጥንት ዘመን መሬቱ እንደ ግመል ሻኛ ወደ ላይ አበጠ። ላዩ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ፣ ውስጡ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነበር። ጠንካራው ሽፋን በአናቱ ላይ ሲሰነጠቅና ሲላጥ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ለስላሳውን እየቦረቦረ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ጠርጎ አወጣው። ዙሪያው ያለው ጠንካራ ድንጋይ ግድግዳ ሆኖ ቀረ።

አንዲት አሮጊት ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ዘነዘናው ውሃው ነዋ!» አሉ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩ ነኝ፤ ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ከአፋፉ ላይ አርባ ቁጥር መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ማኽቴሹ ሲወርድ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሊማሊሞ!» አሉ። በስግድ ቀን ተራራ ወጥተው ያደጉ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም።

በአፋፉ ላይ የሚገኘው የጎብኚዎች ማዕከል የእስራኤላዊው ጠፈርተኛ የኢላን ራሞን መታሰቢያ ነው። ኢላን ራሞን በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ከባልደረቦቹ ጋር ሕይወቱ አልፏል። ከማዕከሉ በእግር ጥቂት ብትሄዱ ሀር ጋማል፣ ማለትም የግመል ተራራ የሚባል ኮረብታ አለ። ቅርጹ የተኛ ግመል ይመስላል። ላዩ ላይ ወጥቶ ማየት በነፃ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ እይታ ያለውም እዚያ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ግድግዳው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻ ሐምራዊ ይሆናል።

ለሚሄዱ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር

ከቤር ሼቫ ታሐና መርከዚት ወደ ሚጽፔ ራሞን የሚሄድ አውቶቡስ አለ። በሻባት አይሠራም፤ ዓርብም ቀደም ብሎ ያበቃል። ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ አትነሡ። ራቭ ካቭ ካርዳችሁን አስቀድማችሁ ሙሉ።

የቤን ጉሪዮን መቃብር፣ የሚጽፔ ራሞን አፋፍና ሀር ጋማል ክፍያ የላቸውም። ዔን ዓቭዳት፣ ዓቭዳትና የጎብኚዎች ማዕከሉ ክፍያ አላቸው፤ ክፍት መሆናቸውንና ዋጋውን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። ባርኔጣ አይረሳ። በበጋ ቀትር ላይ በእግር አትጓዙ፤ ማታ ደግሞ ብርድ አለና ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ።

አፋፉ በየቦታው አጥር የለውም። ሕፃናትን እጃቸውን ያዙ። በክረምት ሰማይ ከጠቆረ ወደ ሸለቆ አትውረዱ፤ እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከሩቅ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን ከቆላ ወንዝ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የወታደር መለማመጃ ቦታ የሚል ምልክት ካያችሁ ከመንገድ አትውጡ። ያዔሎቹን አታብሉ፣ አታባርሩ። ለድንገተኛ ችግር ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101 ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ እንዳደረግሁት አምስት ቦታ በአንድ ቀን ለማየት አትሩጡ። ሁለት ይበቃል። እንጀራችሁንና ቡናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ተቀመጡ፤ ልጆቻችሁም ይጠይቋችሁ።

ከጉዞው በኋላ

አንድ ቀን ሽርሽር የቤተሰብን ችግር ሁሉ ይፈታል ብዬ አልዋሽም። ደብዳቤው አሁንም ይመጣል፤ የሚያነበውም ልጁ ነው። አባት ኡልፓን መሄድ አለባቸው፤ ይህን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ሆኖም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ወደ ቢሮዬ መጡ። ልጁ እንደልማዱ ደብዳቤውን ዘርግቶ መናገር ሊጀምር ሲል አባት ክንዱን ያዝ አድርገው «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገራት» አሉት። ልጁም ዝም አለ።

የነገሩኝ ስለ ደብዳቤው አልነበረም። በፊተኛው እሑድ ሁለቱ ብቻቸውን በአውቶቡስ ሚጽፔ ራሞን ደርሰው ተመልሰዋል። ሰሌዳውን ያነበበው ልጁ ነው። የት ቆመው ምን እንደሚያዩ ያሳዩት አባት ናቸው። አሥራ አንድ ያዔል ቆጥረዋል።

«ዋልያ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን አነበብን። ለእናንተም መልካም ጉዞ እመኛለሁ።